ለልጆቻችን የግማሽ ነጥብን ዋጋ ላስተማሩ አሰልጣኝ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ለዓለም አቀፍ የቡድን ቼዝ ውድድር የሚያዘጋጁ አንድ አሰልጣኝን በአደባባይ ለማመስገን ነው። አሰልጣኝ ለምትፈልጉ ወላጆችና የክለብ ኃላፊዎችም ጥቆማ ይሁናችሁ። ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ አንጠራቸውም፤ ልጆቹ "ኮች" ስለሚሏቸው እኛም እንዲሁ እንላቸዋለን። ልታገኟቸው የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።

ቼዝ የሚያስተምር ሰው ሞልቷል። ኦፕኒንግ (የጨዋታ አከፋፈት) የሚያስጠና፣ ታክቲክ (የአጭር ጊዜ ብልሃት) የሚያሠራ፣ ሬቲንግ (የተጫዋቹን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር) የሚያሳድግም አይጠፋም። አራት ልጆችን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንደ አንድ ቡድን የሚያጫውት ግን ከስንት አንድ ነው። ኮችን የምናመሰግነው ለዚህ ነው።

የቡድን ጨዋታ ሒሳቡ ሌላ ነው። አራቱ ልጆች በአራት ሰሌዳ (ቦርድ) ከአራት ተጋጣሚ ጋር ይጫወታሉ፤ ያሸነፈ 1፣ አቻ የወጣ ግማሽ ነጥብ ለቡድኑ ያመጣል። በኦሊምፒያድ (የአገሮች የቡድን ቼዝ ውድድር) ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረጃ የሚወጣው መጀመሪያ በግጥሚያ ነጥብ ነው፤ 4 ለ 0 ያሸነፈም 2.5 ለ 1.5 ያሸነፈም እኩል 2 ነጥብ ይወስዳሉ፣ 2 ለ 2 የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል። ለብቻው መጫወት የለመደ ልጅ ይህን በቃል ይሸመድደዋል እንጂ ሰሌዳው ፊት ሲቀመጥ ይረሳዋል። ኮች ታዲያ እንዲህ ያደርጋሉ፦ ከመሐል ጨዋታ አንድ ትንሽ የሚያስጨንቅ አቀማመጥ ይደረድራሉ፣ ሰዓቱን 12 ደቂቃ ላይ ያደርጉና የግጥሚያውን ውጤት በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ከሰሌዳው አጠገብ ያኖራሉ። "2 ለ 1 እየመራን ነው፤ የቀረው ያንተ ቦርድ ብቻ ነው፤ ተጋጣሚህ አቻ ጠየቀህ።" ልጁ መልሱን ከነምክንያቱ ይጽፋል። ከዚያ አንድም ጠጠር ሳያነሱ ወረቀቱን ብቻ ይገለብጡታል፤ አሁን 2 ለ 1 እየተመራን ነው። አቀማመጡ ያው ሆኖ መልሱ ሲለወጥ ልጁ በራሱ ዓይን ያያል። እኛ ስለዚህ ልምምድ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ሌላ አሰልጣኝ ቢኖራችሁም ዛሬውኑ ጀምሩት።

ይህ ዳኝነት በልጁ ውስጥ መኖር አለበት የምንለው በኦሊምፒያዱ ሕግ የካፒቴኑ (የቡድኑ መሪ) አፍ የታሰረ ስለሆነ ነው። ካፒቴኑ ልጁን "አቻ ጠይቅ"፣ "አቻውን ተቀበል" ወይም "እጅ ስጥ" ሊለው ይችላል፤ ስለ አቀማመጡ ግን አንዲት ቃል መተንፈስ አይፈቀድለትም። ልጁ የራሱን አቀማመጥ መመዘን ካልቻለ የካፒቴን ምክር ምንም አያደርግለትም።

ነገሩ በትልቁ መድረክም ዋጋ አስከፍሏል። በ2022 እ.ኤ.አ. የቼናይ (ህንድ) ኦሊምፒያድ በ10ኛው ዙር ኡዝቤኪስታንና የህንድ ሁለተኛ ቡድን ሲገናኙ፣ ያኔ 16 ዓመቱ የነበረው የህንዱ ጉኬሽ በአንደኛው ቦርድ የማሸነፍ ዕድል ይዞ ቆይቶ በኡዝቤኪስታኑ አብዱሳቶሮቭ ተሸነፈ። ግጥሚያው 2 ለ 2 አለቀ። ያቺ ጨዋታ በአቻ ብትወጣ ኖሮ ውጤቱ 2.5 ለ 1.5 ይሆን ነበር። ኡዝቤኪስታን ወርቁን ወሰደች፣ የህንዱ ቡድን ነሐስ። ጉኬሽ የመጀመሪያዎቹን 8 ጨዋታዎች በሙሉ ያሸነፈ ልጅ ነበር፤ ስለዚህ ኮች ይህን የሚያነሱት ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ እንኳ የሚፈተንበት ቦታ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራቸው የቦርድ አሰላለፍ ነው፣ ወላጆችም በብዛት የምንከራከረው እዚህ ላይ ነው። ቡድኑ አራት ተጫዋችና አንድ ተጠባባቂ ይዞ ይመዘገባል፤ ከ16 ዓመት በታች ኦሊምፒያድ ላይ ከአምስቱ ቢያንስ አንዷ ሴት ልጅ መሆን አለባት። ቅደም ተከተሉ አንዴ ከገባ በኋላ አይለወጥም። ሁለተኛው ልጅ ሲያርፍ ሦስተኛው ወደ ሁለተኛ ቦርድ፣ አራተኛው ወደ ሦስተኛ ከፍ ይላሉ፣ ተጠባባቂው አራተኛ ላይ ይገባል። ብዙ ካፒቴን የሚዘነጋው ቀለሙን ነው። ቀድሞ የተጠራው ቡድን በ1ኛና በ3ኛ ቦርድ ነጭ፣ በ2ኛና በ4ኛ ጥቁር ይይዛል። ዛሬ በሦስተኛ ቦርድ ነጭ የያዘ ልጅ፣ ነገ ቡድኑ ሁለተኛ ተጠርቶ እሱ ወደ ሁለተኛ ቦርድ ከፍ ካለ እንደገና ነጭ ይደርሰዋል። በተቃራኒው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ጥቁር የሚደርሰውም አለ። ኮች ለእያንዳንዱ ልጅ በዙር የተከፈለ የቀለም ሠንጠረዥ አላቸው፤ ማን እንደሚያርፍ የሚወስኑት ድካሙንና ሠንጠረዡን አብረው አይተው ነው። ሴቷን ልጅ ደግሞ ሕጉን ለማሟላት ብቻ አያስመዘግቧትም፤ እንደሌሎቹ ሁሉ የራሷ የጥቁርና የነጭ ዝግጅት፣ የራሷ የጥናት ሰዓት አላት። ይህን በተለይ እናመሰግናለን።

ስለ ሰዓት አያያዝ እንንገራችሁ። በተለመደው የቡድን ውድድር ሰዓት ለ40 እርምጃ 90 ደቂቃ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ይጨመራል፣ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ደግሞ በየእርምጃው 30 ሰከንድ አለ። ጭማሪው ሲደመር ለ40 እርምጃ 110 ደቂቃ ነው፣ በአማካይ 2 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ። ኮች ልጆቹ ከእያንዳንዱ እርምጃ ጎን በሰዓቱ ላይ የቀረውን ደቂቃ እንዲጽፉ ያደርጋሉ፤ ሕጉም ይፈቅዳል። ወረቀቱ ሲነበብ በሽታው ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ አንዱ የሚያውቀውን ኦፕኒንግ በ3 ደቂቃ ያራግፍና ትምህርቱ ያለቀበት እርምጃ ላይም በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል፤ ሌላው 14ኛው እርምጃ ላይ 25 ደቂቃ ያቃጥልና ከ32 እስከ 40 ያለውን በ30 ሰከንድ እየተነፈሰ ይጫወታል። ለአንደኛው "እጅህ ላይ ተቀመጥ"፣ ለሁለተኛው "ሁለት አማራጭ እኩል ከመሰለህ አንዱን ያዝ" ይባላል። መድኃኒቱ ለሁለቱ አንድ አይደለም።

ኢንድጌም (ጥቂት ጠጠር ብቻ የቀረበት የጨዋታ መጨረሻ) ላይ ኮች ጥቂት አቀማመጥ መርጠው እስኪሰለች ያለማምዳሉ። የፊሊዶር የሚባለውን መከላከያ እንውሰድ፣ ግንብና ወታደር ያለውን ሰው በግንብ ብቻ መመከት። ተከላካዩ ንጉሡን ወታደሩ ንግሥት ሊሆንበት ባለው ቤት አካባቢ ያቆማል፤ ግንቡን ደግሞ ከራሱ ወገን ሲቆጠር ሦስተኛው አግድም ረድፍ ላይ ይዞ የባላጋራውን ንጉሥ መግቢያ ይዘጋል። ወታደሩ ራሱ ወደዚያ ረድፍ ሲገፋ ብቻ ግንቡ ወደ ሰሌዳው ማዶ ጫፍ ይሄድና ከኋላ ቼክ ማለት (ንጉሡን ማጥቃት) ይጀምራል፤ የባላጋራው ንጉሥ ሊሸሸግበት የነበረውን ቤት የገዛ ወታደሩ ስለያዘበት ማምለጫ የለውም። ልጆች የሚስቱት ወታደሩ ሳይገፋ ቸኩለው ወደ ኋላ ሲሄዱ ነው፤ ያኔ ንጉሡ ወታደሩ ፊት ይገባና ይሸሸጋል። ይህን ልምምድ ኮች የሚያሠሩት በሰዓቱ ላይ 1 ደቂቃና የ30 ሰከንድ ጭማሪ ብቻ ትተው፣ ያውም በትምህርቱ መጨረሻ ልጆቹ ሲደክማቸው ነው። በውድድሩ ላይ ይህ አቀማመጥ የሚመጣው ከአራት ሰዓት ጨዋታ በኋላ ስለሆነ።

በሕግ ጉዳይ የሚጠፋ ነጥብ በጣም ያንገበግባል፤ ሊቀር ይችል ነበርና። ካስሊንግ (ንጉሡንና ግንቡን በአንድ እርምጃ ማንቀሳቀስ) ሊያደርግ ግንቡን አስቀድሞ የነካ ልጅ በዚያ ወገን በዚያ እርምጃ ካስሊንግ አይፈቀድለትም። በሁለት እጅ አድርጎ ሰዓቱን ከተጫነ ሕገወጥ እርምጃ ነው፣ ለተጋጣሚው 2 ደቂቃ ይጨመራል፤ ሁለተኛ ሕገወጥ እርምጃ ሲመጣ ጨዋታው ያልቃል። ወታደሩን እስከ መጨረሻው ረድፍ ሲያደርስ ንግሥት አጥቶ የተገለበጠ ግንብ ያስቀመጠ ልጅ ያስቀመጠው ግንብ ነው፣ አፉ "ንግሥት" ቢልም። ትክክሉ ሰዓቱን አቁሞ ዳኛውን ንግሥት መጠየቅ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ የሚደገም አቀማመጥ ላይ አቻ የሚጠይቅ ደግሞ እርምጃውን በወረቀቱ ላይ ጽፎ፣ ሰሌዳው ላይ ሳይጫወት ዳኛ ይጥራ፤ ብዙ ልጅ መጀመሪያ ይጫወትና መብቱ ያመልጠዋል። ኮች እነዚህን ሁሉ እንደ ድራማ ያሠሯቸዋል፣ አንዱ ልጅ ዳኛ ይሆናል። ስልክ ደግሞ ወደ አዳራሹ ይዞ መግባት ጨዋታውን ሊያሳጣ ስለሚችል ገና ከማረፊያ ሳይወጡ ይሰበሰባል።

ለወላጆችም አንድ ነገር ያስረዳሉ። ዕድሜው 18 ያልሞላና ሬቲንጉ ከ2300 በታች የሆነ ልጅ የሬቲንጉ ለውጥ የሚሰላው በ40 እየተባዛ ስለሆነ፣ በሬቲንግ ከእኩያው ጋር ተጫውቶ (የሚጠበቅበት ግማሽ ነጥብ ነው) ሲሸነፍ 20 ነጥብ ያጣል፣ አቻ ሲወጣ ምንም አያጣም። ይህን የማያውቅ ወላጅ በየዙሩ ቁጥር እያሰበ ልጁን ያስጨንቃል፤ የተጨነቀ ልጅ ደግሞ ለቡድኑ የሚጠቅመውን ትቶ ለሬቲንጉ ይጫወታል። ኮች ከሽንፈት በኋላ ለአንድ ሰዓት ስለ ጨዋታው ማንም እንዳያወራ ይከለክላሉ፣ እኛንም ጨምሮ።

ሳንሸሽግ እንናገር፤ ለሁሉም የሚሆኑ አሰልጣኝ አይደሉም። በሁለት ወር ውስጥ ሬቲንግ እንዲያድግ የሚፈልግ ሌላ ቢያይ ይሻለዋል። ኦፕኒንግ በብዛት አይሰጡም፤ በነጭ አንድ፣ በጥቁር ሁለት መስመር ሰጥተው ከሐሳቡ ጋር እስኪዋሐድ ይጠብቃሉ። ኮምፒውተር የሚከፈተውም ልጁ የራሱን ጨዋታ በእጁ ተንትኖ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ያየ ልጅ መልሱን ያውቃል እንጂ የት እንደሳተ አያውቅም ይላሉ።

ለመጀመሪያው ቀን የሚጠይቁት ልጁ በእጁ የመዘገባቸውን 20 ጨዋታዎች ነው፣ በረጅም ሰዓት የተጫወታቸውን። ያሸነፋቸውን ብቻ መርጣችሁ አትላኩ፤ በቅድሚያ የሚያነቡት የተሸነፈባቸውን ነው።