ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ፦ ግብታዊው ነጂ በምን ይለያል?

«ግብታዊ» ሥሩ ግዕዝ ነው። «ግብት» ድንገት፣ «ግብተ» በድንገት ማለት ነው። «ሰማያዊ» እና «ምድራዊ» ላይ ያለችው «ኣዊ» ስትቀጠልበት፣ ሳያስብ ድንገት የመጣለትን የሚያደርግ ሰው መጠሪያ ሆነ። ድፍረት የሚባል ነገር ውስጡ የለም። የከተማው ሰው «ቀዥቃዣ» ብሎ ይገላገለዋል፤ የዘጌን ጀልባዎች ለመመዘን ግን የግዕዙ ይሻላል፣ ጣና ራሱ ግብታዊ ነውና።

ጠዋት ባለ ታንኳው ደንገሉ ላይ ተቀምጦ ሳይሰጋ የሚያጠምድበት ውሃ፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሌላ ነው። ጣና የስፋቱን ያህል ጥልቅ አይደለም፤ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን፣ ጀልባዋ ከአንዱ ሳትወርድ ሌላው ይደርስባታል። ስለዚህ ነጥባችን በሰዓት ይለያያል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስቶ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን አሳይቶ፣ እስከ 6 ሰዓት የሚመልስ ጉዞ ለከፈላችሁት ይበቃል። 8 ሰዓት ላይ «አንድ ገዳም ልጨምርላችሁ» የሚለው ቸር መስሏችሁ እንዳትሸወዱ።

የት የት እንደምትሄዱ ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ሴቶች ካሉ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ አለ። ይህን ሐይቁ መሀል መከራከር ቤንዚን መጨረስ ነው። ቤንዚኑም ሲሦው ለመሄጃ፣ ሲሦው ለመመለሻ፣ ሲሦው ለመጠባበቂያ መሆን አለበት፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ሞተሩ ብዙ ይበላል።

ነጂ የሚታወቀው ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ብቅ ሲል ነው። ደህናው ጋዙን ይቀንሳል፣ ይርቃል፣ «ተቀመጡ» ይላል። ግብታዊው የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ጉማሬው ያዞራል። ተሳፋሪው ስልኩን ይዞ በአንድ ጎን ይቆማል፤ በዚያ በኩል ያለው ጠርዝ ከውሃው ጋር እኩል ይሆናል። ጉማሬው ከሰጠመ በኋላ ደግሞ በየት እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም።

ሃይላንድ በሰልፍ ተንሳፍፎ ካያችሁ ከሥሩ የዓሣ መረብ ሊኖር ይችላል። ፕሮፔለሩ ከያዘው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከውሃ ቀና አድርጎ በእጅ መፍታት ነው። ጋዝ ሰጥቶ ለመበጠስ የሚሞክር ክሩን ዘንጉ ላይ ያጠብቀዋል፤ ዘይት የሚይዘው ጎማ ይቆረጥና ውሃ ጊር ውስጥ ይገባል። የአጥማጁን ኪሳራ ሳንቆጥር።

ደካማው ጎን ላይፍ ጃኬቱ ነው፦ ብዙ ጊዜ ከወንበር ሥር ተቆልሎ ነው የሚገኘው። ልበሱና ዘለበቱን ቆልፉ፤ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጫችሁን ካለፈ ሰፍቷችኋል፣ አስቀይሩ።

በመጨረሻ ሞተሩ ላይ የተሰካችውን ጠምዛዛ ገመድ ፈልጉ። ነጂው እጁ ላይ ካሰራት፣ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። እዚያው ተንጠልጥላ ካያችኋት ሌላ ጀልባ ጠይቁ።