የብሉቱዝ ኮድ ማንበቢያ ለወራት ስጠቀም፦ ማንበቡ ይመቻል፣ ማጥፋቱ ግን...

የመኪና ብልሽት ኮድ የምታነበው ይህች መሣሪያ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አትበልጥም። ከመሪው ሥር ያለው ባለ 16 ፒን ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትገናኛለች። ቁልፉን ከፍቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ፣ የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን ኮድ በስልክ ማንበብ ነው። ሶኬቱ በአሜሪካ ገበያ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ አሮጌ የሚባሉ መኪኖችም አላቸው። ብቻ የመሣሪያዋ ርካሽ ቅጂዎች ከሁሉም መኪና ጋር አይግባቡም፤ ከመግዛት በፊት መሞከር ነው።

ቼክ ኢንጂን (የሞተር ችግር ጠቋሚው መብራት) በርቶ ፒ0171 የሚል ኮድ ሲመጣ ብዙ ሰው ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ዕቃ) ሊገዛ ይሮጣል። ኮዱ ግን የሚለው «ለገባው አየር ነዳጁ አንሷል» ብቻ ነው። የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። የእኔ መኪና ይህን ኮድ ስታወጣ መጀመሪያ የከፈትኩት ፍሪዝ ፍሬም የሚባለውን ገጽ ነው። ኮዱ ሲመዘገብ ሞተሩ ምን ላይ እንደነበር ይዞ ያቆያል፦ ዙሩን፣ ሙቀቱን፣ ፍጥነቱን። መኪናዋ ቆማ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራች ነበር። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ቀጥታ ንባቡን አየሁ። በሚኒሞ ኮምፒውተሩ ከ20 በመቶ በላይ ነዳጅ ይጨምራል። ዙሩን በደቂቃ ወደ 2500 ሳደርሰው ጭማሪው ወደ ዜሮ ተጠጋ። እንዲህ ሲሆን ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር መፈለግ ነው፤ በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሿም ቀዳዳ ጎልታ ትታያለች። ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ላይ የሚሰካ አንድ የጎማ ቱቦ ጫፉ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሴንሰሩ ምንም አልሆነም።

ወደ ማጥፋቱ ስንመጣ፣ ሻጮች የሚያወሩለትን ያህል ቁም ነገር የለውም። ችግሩ ካለ መብራቱ ተመልሶ ይመጣል። ደግሞ ኮዱ ብቻውን አይሄድም፤ ያ ሁሉ የፍሪዝ ፍሬም መረጃ አብሮ ይሰረዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪኑን ፎቶ ማንሳት። ኮምፒውተሩ ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) እና ሌላውንም የፈተነበት ውጤትም ይጠፋል፤ ለጭስ ምርመራ ሊገቡ ሲሉ ኮድ ማጥፋት ትርፉ ድካም ነው። ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ግን ይኸው ነገር ይጠቅማል። መብራቱ ጠፍቶ፣ ፈተናዎቹ በሙሉ «አልተጠናቀቀም» ካሉ፣ በቅርቡ ኮድ ጠፍቷል ወይም ባትሪ ተነቅሏል። ሻጩን ጠይቁት።

ማጥፋት በእውነት የሚያስፈልገው ለሙከራ ነው። ፒ0301 የ1ኛው ሲሊንደር እሳት መሳት ነው። የ1ኛውንና የ3ኛውን ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ዕቃ) አቀያይሮ ኮዱን ማጥፋትና መንዳት። ፒ0303 ሆኖ ከመጣ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። እዚያው 1ኛው ላይ ከቀረ ወደ ካንዴላውና ኢንጀክተሩ መሄድ ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ግን ሙከራው ይቅርባችሁ፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ ካታሊስቱን ያበላሸዋል።

ከሁሉ ያናደደኝ መሣሪያዋ ቁልፍ ተዘግቶም ከባትሪው ኤሌክትሪክ መሳቧ ነው። መኪናው ለቀናት የሚቆም ከሆነ መንቀል ግድ ነው። የኤቢኤስና የኤርባግ መብራት ሲበራ ደግሞ የእኔዋ ዝም ነው የምትለው። ለእሱ ሙሉ ስካነር ያለው መካኒክ ጋ መሄድ አልቀረልኝም።