ክራይሲስ ቴክስት ላይን፦ በበጎ ፈቃድ ለማገልገል ለምታስቡ

ኮቪድ ሥራዬን ሲያስቆመው፣ ቤት ቁጭ ብሎ ዜና ከማሳደድ የተሻለ ነገር ፈለግኩ። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ክራይሲስ ቴክስት ላይን ተመቸኝ። የጨነቀው ሰው በማንኛውም ሰዓት ወደ 741741 ቴክስት ያደርጋል፤ የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ ይመልስለታል። ድምፅ የለውም። በዚያ ሰሞን ከቤተሰቡ ጋር አንድ አፓርትመንት ውስጥ ተዘግቶ ለከረመ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነበር።

ለመግባት 18 ዓመት መሙላት፣ ኮምፒውተርና ደህና ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ባክግራውንድ ቼክም (ያለፈ ታሪክን ማጣራት) አለ። ከዚያ ነጻ ሥልጠና (እኔ ስገባ 30 ሰዓት ነበር)፣ ቀጥሎ 200 ሰዓት የማገልገል ቃል። በሳምንት 4 ሰዓት ብትሠሩ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ክፍያ የለውም።

እኔን የማረከኝ ሥልጠናው ነው። እኛ ያዘነ ሰው ስናይ አፋችን ወደ ምክር ይሮጣል። «ተይ አታልቅሺ፣ ካንቺ የባሰ ስንት አለ» እንላለን። እዚህ እሱ አይሠራም። ሰውዬው የተሰማውን ሰምታችሁ መልሳችሁ ትነግሩታላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ፣ መፍትሔውን ራሱ እንዲፈልግ ታግዙታላችሁ። ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነም በግልጽ ትጠይቃላችሁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። በመጀመሪያ ሰሞን ያንን ጥያቄ ስጽፍ ጣቴ ይደርቅ ነበር። ብዙው ጭውውት ግን ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ፍቅር መለያየት፣ ከወላጅ ጋር ስለ መጣላት ነው።

ወረፋው በመጣ ተራ አይደለም። ኮምፒውተሩ ቃላቱን አይቶ አደጋ ያንዣበበበትን ሰው ያስቀድማል። ደግሞ ብቻችሁን አይደላችሁም። ባለሙያ የሆኑ ሱፐርቫይዘሮች የምትጽፉትን በዚያው ሰዓት ያያሉ፤ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ድንገተኛ እርዳታ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ እኔ በበኩሌ አልቀጥልም ነበር።

የማይመቸኝም አለ። ሰውዬው «አመሰግናለሁ» ብሎ ይሄዳል፤ ነገ ምን ሆነ? አታውቁም። ሌላው፣ የጻፉት ሰዎች ስም የተሰረዘበት የጭውውት መረጃ ሎሪስ ለተባለ የንግድ ኩባንያ ይሰጥ እንደነበር በ2022 መጀመሪያ በዜና ወጣ። ጩኸቱ ሲበዛ ቆመ። ጥሩ ነው የቆመው፤ ግን ሰው በጭንቁ ሰዓት የጻፈው ነገር ወደ ንግድ ቤት መሄድ አልነበረበትም። አገልግሎቱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በአራዳ እንግሊዝኛ ሲጽፍላችሁ ትርጉሙን ጎን ለጎን መፈለግ የተለመደ ነው!

ፈጥኖ መጻፍ ለሚችል፣ ዝም ብሎ ማዳመጥ ለማይከብደው ሰው እመክረዋለሁ። የራሳችሁ ሐዘን ገና ትኩስ ከሆነ ግን ቆዩ። አገልግሎቱ በጎ ፈቃደኛ በብዛት የሚያስፈልገው ሌሊት ነው። ጠዋት ሥራ ያለው የሌሊቱን ሺፍት አይልመደው፤ ከጨረሳችሁ በኋላ እንቅልፍ ቶሎ አይመጣም።