ሳሂትያ አካዳሚ ወይስ ጄሲቢ? ሁለት የህንድ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች

በገንዘብ ከመጣችሁ ጄሲቢን የሚያህል አልነበረም። ለአሸናፊው 2.5 ሚሊዮን ሩፒ ይሰጥ ነበር። ሳሂትያ አካዳሚ ደግሞ 100 ሺህ ሩፒ፣ ሻልና የመዳብ ሰሌዳ ይሰጣል። ሰሌዳውን የነደፈው ታዋቂው የፊልም ባለሙያ ሳትያጂት ራይ ነው።

እኔ ግን ምርጫዬ ሳሂትያ ነው። በየዓመቱ በ24 ቋንቋዎች ለየብቻ ስለሚሸልም፣ በማይቲሊ ወይም በሳንታሊ የሚጽፍ ደራሲ ሥራው ወደ እንግሊዝኛ እስኪመለስለት ደጅ ሳይጠና፣ በገዛ ቋንቋው ይዳኛል። ግጥምም ወግም ሂስም ይገባል። ጄሲቢ ልብ ወለድ ብቻ ነበር የሚያየው፣ ያውም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወይም የተተረጎመ።

በአንድ ነገር ግን ጄሲቢን ከልቤ አደንቀዋለሁ፤ ትርጉም ሲያሸንፍ ተርጓሚው ለብቻው 1 ሚሊዮን ሩፒ ያገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የመጀመሪያው አሸናፊም ከማላያላም የተተረጎመ ልብ ወለድ ነው። ተርጓሚን እንዲህ የሚያከብር ስንት አለ?

ሳሂትያም ቢሆን እንከን አለበት። በመንግሥት ገንዘብ ነው የሚተዳደረው። እ.ኤ.አ. በ2015 የራሱ ተሸላሚ የነበሩት ምሁር ካልቡርጊ በጥይት ሲገደሉ ተቋሙ ቶሎ ድምፁን ባለማሰማቱ፣ ብዙ ደራስያን ተቆጥተው ሽልማታቸውን መለሱ። ልክ ነበሩ።