ፉትቦል ማናጀር 2024ን በትንሽ ክለብ ስትጫወቱት

ይሄን የእግር ኳስ ክለብ እንደ አሰልጣኝ የምትመሩበትን ጌም ብዙ ሰው ትልቅ ክለብ ይዞ ኮከብ እየገዛ ነው ሚጫወተው፣ እኔ ማወራው ግን ስለ ሌላኛው ጎኑ ነው፣ የእንግሊዝ አራተኛ እርከን ሊግ ቱ ላይ ትንሽ ክለብ ይዛችሁ የፋይናንስ ገጹን በየወሩ እየከፈታችሁ ስትጫወቱ። የ2024ቱ የወጣው በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀጣዩ የ2025ቱ ተሰርዞ ስለቀረ ብዙዎቻችን ሁለት አመት ያህል እሱ ላይ ቆየን። ግራፊክሱን ተዉት፣ ስለሱ ብዙ ተብሏል።

የመጀመሪያው ሴቬ (ከዜሮ ጀምሬ የያዝኩት ጨዋታ) ላይ ለዝውውር የተመደበልኝ ገንዘብ ምንም አልነበረም፣ እና ኮንትራታቸው ያለቀ 30 አመት ያለፋቸው ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ሰበሰብኩ፣ ነፃ ናቸው ብዬ፣ ለእያንዳንዳቸው ሶስት ሶስት አመት ሰጠሁ፣ ወኪሎቹ ክለቡ ካደገ ደሞዙ በዚህን ያህል ፐርሰንት ይጨምር ሲሉኝም እሺ አልኩ ምክንያቱም ካደግን ገንዘብ ይመጣል ብዬ ነው ያሰብኩት። አደግን። የትኬት ገቢው ትንሽ ከፍ አለ፣ ደሞዙ ግን ከሱ በጣም ቀድሞ ሄደ። በአመቱ ተመልሰን ወረድን፣ ስንወርድ ደሞዙ አብሮን አልወረደም፣ ምክንያቱም ውሉ ላይ ሲወርድ ይቀንስ የሚለውን አንቀጽ አንዱም ላይ አላስገባሁም። ከዛ በጥር ከራሳችን አካዳሚ የወጣውን የ19 አመት አማካይ ቦርዱ እኔን ሳይጠይቅ ሸጠው። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ግን ዕዳውን ሳየው ትክክል ነበሩ።

ጌሙ እዚህ ላይ ነው በጣም የሚገርመኝ። ትንሽ ክለብን የሚገለው አንድ ውድ ዝውውር ሳይሆን በየወሩ የማይቀረው ደሞዝ መሆኑን በደንብ ያሳያችኋል። ደግሞ ፈጠራ አይደለም፣ የእንግሊዙን ቤሪን አስታውሱ፣ በ1885 የተመሰረተ ክለብ፣ በ2019 ከሊግ ቱ አደገ፣ በዛው አመት ኦገስት ላይ ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ስላልቻለ ከሊጉ ተባረረ፣ ከ1894 ጀምሮ የነበረበት ሊግ ማለት ነው። ሜዳ ላይ እኮ አሸንፎ ነው ያደገው! ደጋፊው በኤፕሪል መጨረሻ ጨፍሮ በኦገስት የሚያየው ጨዋታ አጣ። ይሄን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ሁለተኛውን ሴቭ እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ በሚለው ጀመርኩ። ቦርዱ የሚሰጠውን የደሞዝ በጀት ጨርሼ አልጠቀምም፣ ሁሌ የተወሰነ አተርፋለሁ። በዕድሜ ለገፉት አንድ አመት ብቻ፣ ይሄን ያህል ጨዋታ ከተሰለፈ አንድ አመት ይራዘም የሚል አንቀጽ ጨምሬ። ከወረድን ደሞዝ ይቀንስ የሚለውን ያልተቀበለ ተጫዋች የፈለገ ጎበዝ ቢሆን አልፈርምም። ከትልልቅ ክለብ ታዳጊ በውሰት ሳመጣ ደሞዙን ወይ ሙሉውን ወይ አብዛኛውን እነሱ እንዲከፍሉ እደራደራለሁ፣ ብዙ ጊዜም እሺ ይላሉ። ክረምት ላይ ደግሞ ትልቅ ክለብ ሜዳችን ድረስ ለወዳጅነት ጨዋታ መጋበዝ፣ ስታዲየሙ ይሞላል፣ የአንድ ቀን ትኬት ለትንሽ ክለብ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ተጫዋች ስትሸጡ ወደፊት ከሚሸጥበት ፐርሰንት ጠይቁ፣ አሁን የሚከፈለው ቢቀንስም ጠይቁ። ኤክሰተር ሲቲ ኦሊ ዋትኪንስን በ2017 ለብሬንትፎርድ ሸጠ፣ በ2020 ወደ አስቶን ቪላ ሲሄድ ኤክሰተርም ድርሻውን አገኘ። ይሄ ክለብ ከ2003 ጀምሮ የደጋፊዎቹ ማህበር ንብረት ነው፣ ከሊጉ ወጥቶ አምስተኛ እርከን ላይ እያለ በ2005 የማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ ኦልድትራፎርድ ሄዶ በኤፍኤ ካፕ 0 ለ 0 ወጥቶ ከዛና ከድጋሚው ጨዋታ ባገኘው ገንዘብ ከዕዳው ብዙውን ከፈለ። ጌሙ ላይ እኔም በአምስተኛው ሲዝን ከሁለት አመት በፊት የሸጥኩት አጥቂ ሌላ ጋር ሲዘዋወር የኛ ድርሻ ገባ፣ የአንድ አመት ደሞዛችንን የሚያክል፣ ያን ቀን ቦርዱን የታዳጊ ማሰልጠኛው ይሻሻል ብዬ ጠየቅኩና እሺ አሉኝ። ዋንጫ ካነሳሁበት ቀን በላይ ነው ደስ ያለኝ።

የጎደለው ደጋፊው ነው። የትኬት ዋጋ መወሰን አትችሉም፣ ስፖንሰርም ራሱ ይመጣል ራሱ ይሄዳል፣ ክለቡ ሲቸገር ባለቤቱ ገንዘብ ካልጨመረ ወይ ተጫዋች ካልተሸጠ ደጋፊው ሲያዋጣ የምታዩበት መንገድ የለም። በእውነተኛው አለም ግን ኤይባር አለላችሁ፣ 27 ሺህ ያህል ሰው ያለበት የስፔን ከተማ ክለብ፣ በ2014 ወደ ላሊጋ ሲያልፍ ምንም ዕዳ ሳይኖርበት ህጉ ካፒታላችሁን በ1.7 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ አሳድጉ ብሎት ትንንሽ አክሲዮን ለአለም ሸጠ፣ አንድ ሰው ከ100 ሺህ ዩሮ በላይ እንዳይገዛ ገደብ አድርጎ፣ ብዙ አገር ያለ ሰው ገዛለት፣ ከዛ ላሊጋ ላይ ሰባት ሲዝን ቆየ። እንዲህ አይነት ነገር ጌሙ ውስጥ ቢኖር ብዬ ሁሌ እመኛለሁ።

እና ልሞክረው ለምትሉ፣ ስትጀምሩ የመጀመሪያውን የዝውውር መስኮት የሚያጠፋውን ምርጫ አብሩት፣ ያሉትን ልጆች ይዛችሁ ግማሽ ሲዝን ተጫወቱ፣ የማን ውል መቼ እንደሚያልቅ ጻፉ፣ ከዛ በፊት ማንንም አታስፈርሙ።