ፓይተን በአማርኛ ፋይል ሲፈተን

እ.ኤ.አ. በ1991 በጊዶ ቫን ሮሰም ይፋ የሆነው ፓይተን ለጀማሪ የሚመች የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መባሉ ከሁሉ በላይ ትክክል ሆኖ ያገኘሁት በፋይል አያያዙ ነው። ፋይል ለመክፈት «ኦፕን» የሚለውን ትእዛዝ ከፋይሉ ስም ጋር መጻፍ ይበቃል፤ ትእዛዙ «ዊዝ» ከሚለው ቃል ጋር ሲጻፍ ደግሞ በመሃል ስህተት ቢፈጠር እንኳ ፋይሉ በራሱ ይዘጋል። መዝጋቱ ለፕሮግራመሩ የተተወበትን የሲ ቋንቋ የሞከረ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር አያየውም። መስመር በመስመር ለማንበብም «ፎር» የተባለው አንድ ተራ የድግግሞሽ ትእዛዝ ብቻ ይበቃል፤ ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ወደ ሚሞሪ ስለማይገባም አቅሙ ዝቅተኛ የሆነ ኮምፒውተር አይጨናነቅም።

ጽሑፉ አማርኛ ሲሆን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፓይተን 3 ጽሑፍን የልዩ ልዩ ቋንቋዎችን ፊደላት በሚያካትተው በዩኒኮድ ስለሚይዝ የ«ሰላም»ን ፊደላት ቢያስቆጥሩት 3 ብሎ በትክክል ይመልሳል፤ ቃሉ በዩቲኤፍ-8 ወደ ፋይል ሲገባ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 9 ባይት ይይዛል። እስከዚህ እንከን የለውም። ችግሩ የሚመጣው የትኛውን ኢንኮዲንግ፣ ማለትም ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ስልት (ዩቲኤፍ-8 አንዱ ነው)፣ እንደሚጠቀም ሳይነገረው ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ ፓይተን የኮምፒውተሩን ልማድ ይከተላል። ሊኑክስና ማክ ላይ ልማዱ አብዛኛውን ጊዜ ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ ምንም አይታወቅም፤ በበርካታ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ ግን የግዕዝ ፊደል የሌለው 1252 የተባለው ኮድ ስለሆነ፣ «ሰላም» ብሎ ለመጻፍ የሞከረው ጀማሪ «ቻርማፕ» ስለሚባል ነገር የሚያወራ፣ መፍትሔውን ግን የማይጠቁም የስህተት መልእክት ይደርሰዋል። መፍትሔው «ኢንኮዲንግ» በሚለው ቦታ ዩቲኤፍ-8 ብሎ መሙላት ብቻ ነበር። ከ3.15 ዕትም ጀምሮ ይኸው ነባሪ እንዲሆን ተወስኗል፤ በእኔ እምነት ግን እጅግ የዘገየ ውሳኔ ነው። የስም ዝርዝር በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ በሚለዩበት የጽሑፍ ፋይል) አዘጋጅቶ በኤክሴል ለመክፈት ያሰበ ሰው ደግሞ «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» የተባለውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ አለዚያ ፓይተን አስተካክሎ የጻፈውን ስም ኤክሴል አበላሽቶ ሊያሳየው ይችላል።

ሌላው ቅሬታዬ ለመጻፊያ የሚያገለግለውን «ደብልዩ» የተባለውን ሁነታ ይመለከታል። ነባር ፋይል በዚህ ሁነታ ሲከፈት፣ ገና አንድ ፊደል ሳይጻፍበት፣ የነበረው ይዘት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። «ኤ» በነባሩ ይዘት መጨረሻ ላይ ይጨምራል፤ «ኤክስ» ደግሞ በዚያ ስም ፋይል ካለ አልከፍትም ይላል። ለጀማሪ የሚያስተምር ሰው ከ«ደብልዩ» አስቀድሞ «ኤክስ»ን ቢያስተዋውቅ እመርጣለሁ።