ኤንኤልኤልቢ-200፦ ለአፍሪካ ቋንቋዎች መሣሪያ ለሚሠሩ ምን ያህል ይጠቅማል?

ሜታ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ይፋ ያደረገው ኤንኤልኤልቢ-200 የተባለ የትርጉም ሞዴል 200 ቋንቋዎችን እርስ በርስ እንዲተረጉም የተሠራ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል 55ቱ የአፍሪካ ቋንቋዎች ናቸው። እዚህ የምመዝነው ለተራ ተጠቃሚ ያለውን ጥቅም ሳይሆን፣ በኢንተርኔት ላይ ብዙ ጽሑፍ ለሌለው ቋንቋ የራሱን የትርጉም መሣሪያ መሥራት ለሚፈልግ ሰው የሚሰጠውን መነሻ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚመሰገነው በእጅ የሚገባ መሆኑ ነው። ዋናው ሞዴል 54 ቢሊዮን ፓራሜትር (በሥልጠና የሚስተካከሉ የሞዴሉ ውስጣዊ ቁጥሮች) ስላለው ከፍተኛ አቅም ያላቸው ሰርቨሮች ይጠይቃል፤ ከእሱ ተጨምቆ የወጣው ባለ 600 ሚሊዮን ፓራሜትር ሞዴል ግን ወደ 2.5 ጊጋባይት የሚጠጋ ፋይል ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በመደበኛ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፤ ፍጥነቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተሰጠው መለያ ስሙን ብቻ ሳይሆን የሚጻፍበትን ፊደል ጭምር ይይዛል። በዚህም የተነሣ ካኑሪ በዓረብኛና በላቲን ፊደል፣ ታማሼቅ ደግሞ በላቲንና በበርበሮች ፊደል በቲፊናግ ለየብቻ ተመዝግበዋል። ይህ ጥንቃቄ በሌሎች መሣሪያዎች ዘንድ እምብዛም አይታይም።

ድክመቱ የሚጀምረው ሞዴሉ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ባሻገር የማያይ በመሆኑ ነው። አንድ ደብዳቤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ስለሚተረጎም፣ በመጀመሪያው መስመር «እርስዎ» የተባሉት አዛውንት በሦስተኛው መስመር «አንተ» ሊባሉ ይችላሉ፤ ሴት ከሆኑም ነገሩ ይብሳል። አክብሮትንና ጾታን በግሥ ላይ ለሚያሳዩ ቋንቋዎች ይህ ቀላል እንከን አይደለም። አዘጋጆቹም ቢሆኑ ሞዴሉ ለምርምር የተሠራ እንጂ ለሕክምናና ለሕግ ጽሑፎች ወይም ለሙሉ ሰነድ ትርጉም ያልታሰበ መሆኑን በግልጽ ጽፈዋል። ማስጠንቀቂያውን ስንት ሰው አንብቦት ይሆን?

የጥራት መለኪያው ሌላ ጉዳይ ነው። ፍሎሬስ-200 የሚባለው መፈተኛ 3001 ዓረፍተ ነገሮችን የያዘ ሲሆን፣ ሁሉም ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙ ናቸው። ስለዚህ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘ ሞዴል የዜና፣ የልጆች መጻሕፍትና የጉዞ መመሪያ ቋንቋ መቻሉን ያሳይ እንደሆነ እንጂ የእረኛን ወግ ወይም የገበያን ድርድር መረዳቱን አያረጋግጥም። በተጨማሪም ነጥቡ የሚሰላው የሞዴሉን ትርጉም ከሰው ትርጉም ጋር ፊደልን ከፊደል በማነጻጸር ስለሆነ፣ «ዓለም» በሚል ፋንታ «አለም» ብሎ የጻፈ ትርጉም ትክክል ሆኖ ሳለ ነጥብ ይቀነስበታል። አማርኛን የሚፈትን ሰው ሞክሼ ፊደላትን አስቀድሞ ወደ አንድ ማምጣት ይኖርበታል፤ አለዚያ ቁጥሩ ያሳስተዋል።

ሞዴሉ የተለቀቀበት ፈቃድ ለንግድ ሥራ መጠቀምን ይከለክላል፤ በሞዴሉ ላይ ተጨማሪ ሥልጠና ተሰጥቶት የሚገኘው ውጤትም ከዚህ ገደብ አያመልጥም። አገልግሎቱን ለመሸጥ ያሰበ ቡድን ገና ከጅምሩ ሌላ መሠረት መፈለግ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሞዴሉን ለምርምርና ለማኅበረሰብ ሥራ እመክረዋለሁ፤ ነገር ግን እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2022 ማሳካኔ የተባለው፣ በአፍሪካ ቋንቋዎች ቴክኖሎጂ ላይ የሚሠራ ማኅበረሰብ ተመራማሪዎች በ16 የአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ ባደረጉት ሥራ፣ አስቀድሞ የሠለጠነ ሞዴል ጥቂት ሺህ ጥራት ያላቸው ትርጉሞች ሲጨመሩለት በጉልህ እንደሚሻሻል አሳይተዋል። እኔ ብሆን ገንዘቡንም ጊዜውንም በእነዚያ ጥቂት ሺህ ዓረፍተ ነገሮች ላይ አውላለሁ፤ እነርሱም መሣሪያው ከሚያገለግልበት መስክ የተወሰዱና ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ሰዎች ያረሟቸው ሊሆኑ ይገባል። ኑዌርን የመሰለ ቋንቋ በዝርዝሩ ውስጥ ስላለ በዚህ መንገድ ወዲያውኑ መቀጠል ይቻላል። ሲዳምኛና ወላይትኛ ግን በ200ዎቹ ውስጥ የሉም፤ ለእነርሱ የሚሠራ ቡድን አዲስ የቋንቋ መለያ ጨምሮ ሞዴሉን ማሠልጠን ስላለበት ከሌሎቹ የበዛ ጽሑፍ ማሰባሰብ ይጠበቅበታል።